«ዳሪልን እንዴት ሳታዪው ቀረሽ?» ላልከኝ

ለውድ ወንድሜ ለጋርዝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ስትማረርበት የነበረው ወገብህ ተሻለህ? ሬይሊን እንዴት ናት? ልጆቹስ? እናንተ ያላችሁበት የካራታ ሙቀት ከወዲሁ ጀምሯችሁ ይሆናል። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ቢያማትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሳይመከር አይሄድም።

ሰላምታው ለጊዜው ይብቃን፤ ተናድጃለሁ። እሑድ ዕለት ደውለህ «ሐኪሟ አንቺ ነሽ፤ ካንሰሩ ጉበቱ ድረስ እስኪሄድ ምን ትሠሪ ነበር?» አልከኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ዳሪል አብሮ አደጉ ስለሆነ አዝኖ ነው ብዬ ልተወው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እንግዲህ ምን ስሠራ እንደነበር ልንገርህ።

ዳሪል መጀመሪያ የመጣው በፌብሩዋሪ ነው። በግ ሲሸልት ትከሻው ዞሮበት ነበር። ትከሻውን አይቼ፣ መድኃኒት ጽፌለት፣ ሊወጣ በሩን ከከፈተ በኋላ ዞር ብሎ «አልፎ አልፎ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አያለሁ፤ ኪንታሮት ነው መሰለኝ» አለኝ። ውጭ ሰባት ሰው ተቀምጧል። እንደምታውቀው አሮጌው ዶክተር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለሦስት ከተማ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለአንድ ሰው የምሰጠው ጊዜም ሩብ ሰዓት ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ለዚሁ ብቻ ብለህ ና» አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ከሸላቾቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ እስከ ሜይ አልተመለሰም። መልሼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም። አንተ ሳትነግረኝም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

በሜይ ሲመጣ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ሚስቱ ጃኒን ናት እየጎተተች ያመጣችው። ደሙን አስመረመርኩ፤ የደም ማነስ አለው። በዚያኑ ቀን፣ አንጀቱ በካሜራ ቶሎ ይታይለት ብዬ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፍኩ። መልሱ የመጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ዕድሜው ከሃምሳ በታች ስለሆነ፣ በቤተሰቡም ካንሰር ስላልነበረ በመደበኛው ተራ ይጠብቅ፣ አሥራ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል ይላል። አሥራ አንድ ወር! ደወልኩ። ለአርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ አንዲት ልጅ አንስታ «ዶክተር፣ ተራውን የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ እንደገና ይጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩ። ቅጹ ተቀይሯል፣ ይሄ የድሮው ነው ተብሎ ተመለሰ። በአዲሱ ቅጽ ጻፍኩ። እስከ ኦገስት መጨረሻ ምንም የለም።

በሴፕቴምበር ዳሪል ሱሪውን በገመድ አስሮ መጣ፤ ያን ያህል ከስቷል። በነጋታው ክሊኒኩን ዘግቼ በራሴ መኪና ጫንኩትና ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ድንገተኛ ክፍል ደርሰን ነርሷ «ቀጠሮ አለው?» አለችኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ቀጠሮ ስለሌለው።»

ዳሪል በኀፍረት ኮፍያውን ጭኑ ላይ እያሻሸ «ብሮን፣ ተይው እንሂድ፤ ሰው አናስቸግር» ይለኛል። «አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። እኔም ካልታየ አልነሳም አልኩ። ሲመሽ አስተኙት፤ በሦስተኛው ቀን ካሜራው ገባ። የተገኘውን አንተም ሰምተሃል።

ያልሰማኸውን ልንገርህ። ስፔሻሊስቱ ለብቻዬ ጠርቶ በትሕትና ምን አለኝ መሰለህ? «ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትልኪው ኖሮ ጥሩ ነበር» አለኝ። የሦስቱን ደብዳቤ ግልባጭ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ቀኑን አየ፤ እንደገና አየ። መነጽሩን አውልቆ «አንዱም እኔ ዘንድ አልደረሰም» አለኝ። እንደማይዋሽ ዓይኑ ያስታውቃል። ክፉ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር ጋርዝ፤ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ልጅቷ ሥራዋን ሠርታለች፣ ነርሷ ሥራዋን ሠርታለች፣ እሱም ተራው የደረሰውን ሁሉ አክሟል። በመሀል የዳሪል አራት ወር ተበላ። አቤቱታዬን ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች ጽፌያለሁ፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ጭጭ።

አሁን አንጀቱ ተቆርጦለት በየሁለት ሳምንቱ ኬሞ ይወስዳል። ይድናል ብዬ አልዋሽህም። ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት ይኖረናል። እኔም ጸሐፊዬን ቫልን፣ ደም አየሁ የሚል ሰው ከመጣ ምንም ያህል ሰው ቢሰለፍ እንዳይወጣ አስቀምጪው ብያታለሁ። ሰዉ ዘገየሽ እያለ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

አንተም ብትሆን ከዳሪል በሁለት ወር ነው የምትበልጠው። ሬይሊን ስትወተውትህ እንደነበር ነግራኛለች። ሄደህ ተመርመር። ቀልድ አይደለም።

ሬይሊንን ሳምልኝ። ብሪያናን ፈተናዋ እንዴት ሆነ በልልኝ፤ ኮዲንም ለላከልኝ ሥዕል አመስግንልኝ፣ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ እህትህን ሁለተኛ ብትሰድብ ወየውልህ ብላለች። ጃኒንም ሰላም ብላችኋለች።

ዳሪል ግን ሰላምታ አልላከልህም። ጠየቅሁት። «በሁለት ወር ውስጥ ላንቺ አራት ጊዜ ደወለ፣ ለኔ አንዴም አልደወለም። ሰላምታ ከፈለገ መጥቶ ይውሰድ» ነው ያለኝ።

እህትህ ብሮንዊን

ሳንዲ ክሪክ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ
ኖቬምበር 14 ቀን 2023