ከኪዊው ዳስ ሥር

እሑድ ጠዋት፣ ከጓሮ

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም ከብየዳ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወፍረሃል ይሉኛል፤ ሐሜት ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። “ጋሼ፣ ወላጅ አባቴ ከስንት ዓመት በኋላ ፈልጎ አገኘኝ። በሠርጌ ቀን የማንን ክንድ ይዤ ወደ አዳራሹ ልግባ? አንተ ወስን” ብለሽኛል። እወስናለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ኪዊው ልንገርሽ፤ እሱን ሳልነግርሽ ሌላ ነገር ልጻፍ ብል እጄ እሺ አይለኝም።

አፈራ!

ልትሄጂ ሻንጣሽን እየሸከፍሽ የተከልሻቸው ሁለት ቀጫጭን የኪዊ ችግኞች፣ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ፣ ዛሬ ጓሮውን ወርሰውታል። ግንዳቸው ክንዴን ያክላል። ሐረጋቸውን ጠዋት ካየሽበት ቦታ ማታ አታገኚውም። አንደኛው በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ገብቶ የእናትሽ ፎጣ ላይ ተጠምጥሞ ይዘነዋል። የጎረቤት ድመት ደግሞ ምን እንደሚሸታት እንጃ፣ ግንዱ ሥር እየተንከባለለች ትውላለች፤ ቤቷን ረስታ እኛ ጋ ከትማለች።

ይህን ሁሉ ዓመት ግን ቅጠል ብቻ ነበር። ያ አንቺ “ሬዲዮ” ብለሽ ስም ያወጣሽለት ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን ባሰገገ ቁጥር “ላም አለኝ በሰማይ!” ይለኝ ነበር። እኔም ሐረጉ የሚወጣበትን ዳስ ማጠንከር ያዝኩ። ከወፍራም የውሃ ቧንቧ በይጄ ሳቆመው “ይሄ ለተክል ነው ወይስ ለባቡር ድልድይ?” ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ዘንድሮ እንቡጥ ታየ። ደስታዬን ገና አጣጥሜ ሳልጨርስ ኃይለኛ ነፋስ መጣና በወንዱ በኩል ያለው ምሰሶ ጎበጠ። የጎበጠው ብረቱ ነው፣ ብየዳዬ አይደለም፤ ይህን ለሬዲዮም በደንብ አስረድቼዋለሁ። ሐረጉን አውርጄ እንዳልጎዳው ብዬ እዚያው እንዳለ ልበይደው ተነሳሁ። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት ብዬ እሷን በእርጥብ ጆንያ ከአናቷ እስከ ሥሯ ሸፈንኳት። ወንዱን ግን ምን ይሆናል ብዬ ተውኩት። ብልጭታው ሲረግፍበት እናትሽ ከማዕድ ቤት “አንተ ሰውዬ፣ ተክሉን አነደድከው እኮ!” ብላ ጮኸች። ጭንብሌን ሳነሳ የወንዱ እንቡጥ ጠቁሯል። ዕድሜውን ሙሉ የበየደ ሰው እንዲህ ይሠራል? ሬዲዮ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ብቅ አለ።

“አይዞህ” አለኝ። “የተቃጠለው የማያፈራው አይደል? እንዲያውም ንቀለውና ይለይልህ።”

“የሱ አበባ ብናኝ ካልደረሳት ሴቷም ባዶዋን ነው የምትቀረው” አልኩት። “ፍሬ ባይሸከምም ያለሱ ፍሬ የለም።”

“ታዲያ አሁን ማን ሊያደርስላት ነው?”

“እኔ!” አልኩት። እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ደግነቱ በግድግዳው በኩል አንዲት የወንዱ ቅርንጫፍ ተርፋለች። አበባዋ ሲፈነዳ የጺም መላጫ ብሩሼን ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። የወንዱን ቢጫ ዱቄት በብሩሹ እነካና የሴቷን አበባ መሐሉ ላይ ዳበስ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እናትሽ መሰላሉን ይዛ “ያቺን ዘለልካት! በግራህ! ሰውዬ፣ ግራህን አታውቅም?” ትለኛለች። ሬዲዮ ለሰፈሩ ሁሉ “አበባ መላጨት ጀመረ” ብሎ አወራብኝ። እኔ ወደሚቀጥለው አበባ አለፍኩ፤ ለወሬ የለው ፍሬ።

አሁን ብታዪው ልጄ! ቅጠሉን ገለጥ አድርገሽ ቀና ስትይ ያ ጠጉራም ቡናማ ፍሬ ጣሪያውን ሞልቶ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ዳሱ ንቅንቅ አላለም። ድልድይ ነው ያለው ሰውዬ ራሱ ባልዲ ይዞ ተመላልሷል። “ማን ተከለው?” ለሚለኝ ሁሉ “ልጄ” እላለሁ። “የት ናት?” ሲሉኝ “ሩቅ አገር፣ የጥርስ ሐኪም ናት” እላለሁ፤ ሳይጠይቁኝም እላለሁ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ መንጋጋውን እንደሚያመው ሲነግረኝ ስልክሽን ልሰጠው ምንም አልቀረኝ። እናትሽ “ሰው ሰለቸህ” ትለኛለች። ይሰልቸኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ወላጅ አባትሽ ባለፈው ሳምንት እዚህ መጥቶ ነበር። “ያደገችበትን ቤት ላየው ብዬ ነው” አለ። ገና ስትድሂ ጥሏችሁ የሄደ ሰው ነውና እናትሽ ፊቷን አጠቆረች፤ እኔ ግን አስገባሁት። “እንጀራ አባቷ ነኝ” ብዬ ራሴን አስተዋወቅኩ፤ ሌላ ምን ልበል? ከዳሱ ሥር አስቀምጬ፣ ከሙዝ ጋር አቆይቼ ያለሰለስኩትን ኪዊ ከማንኪያ ጋር ሰጠሁት። ሲጨርስ ማንኪያውን ገልብጦ ላሰው፣ ልክ እንደ አንቺ። ሲያስብም የግራ ጆሮውን ይጎትታል። ያን ነገር ከየት እንዳመጣሽው ስንት ዓመት ሳስብ ኖሬ ያን ቀን አገኘሁት። ቀና ብሎ ዳሱን አየና “ጠንካራ ነው” አለኝ። “ነው” አልኩት።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይኸው። የእሱን ክንድ ያዢ። ወላጅሽ ነው፤ ያለ እሱ አንቺ የለሽም፣ እኔም የምኮራበት ልጅ የለኝም። አልቀየምም። ከእናትሽ ጎን ተቀምጬ ስትገቢ አይሻለሁ፣ ከኔ አስበልጦ የሚያጨበጭብ ካለም እንተያያለን። ትንሽ ሆነሽ መንገድ ስንሻገር የቱታዬን ኪስ ጨምድደሽ ትይዢ ነበር፤ አንድ ቀን መኪና ሲያስደነግጥሽ ቀደድሽው። ቱታው አሁንም ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። እናትሽ ኪሱን ልስፋልህ ስትል እምቢ አልኳት።

ለሠርግሽ ገና ጠንካራውን ለቅመን እናመጣለን፤ እዚያ ሲደርስ ይለሰልሳል።

ትዳርሽ ሥር ይስደድ፤ ነፋስ የማያጎብጠው ደጋፊ አይጣሽ፤ የዘረጋሽው እጅ ሁሉ የሚይዘው አይጣ።

ጋሼሽ

የኔ ቆንጆ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ፖስታውን እንዳሽግለት ሰጥቶኝ፣ አታንብቢ ቢለኝም ደብዳቤውን አነበብኩት። ይህን ውሳኔውን እንዳትሰሚው። ደብዳቤሽ በመጣ ማግስት ልብስ ሰፊው ጋ ሄዶ ሙሉ ልብስ ተለክቷል። አመሻሽ ላይ አዲሱን ጫማ ያደርግና ክንዱን አጥፎ ከዳሱ ሥር ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ሰው ሲመጣበት ሐረግ የሚያስተካክል ይመስላል። ትናንት አላስቻለኝም፣ ወጣሁና ክንዴን በክንዱ ውስጥ አስገባሁ። “ቀስ በል እንጂ፣ ቀሚሷ ረጅም ነው” አልኩት። እርምጃውን አሳጠረ። አሁን አካሄዱ ተስተካክሏል።