ሞንታርቦው የጠራው ስም

ሰኞ

ዛሬም ዝም አለ። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እድር ቤት ገባሁ፤ እስኪመሽ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ለእድሩ የተለገሰ አሮጌ ስለሆነ በሥዕልና በመስኮት የሚሠራ ነገር አይችልም፤ ሁሉንም ነገር ትእዛዝ እየጻፍኩ ነው የማሠራው። አጫውት ስለው «እያጫወትኩ ነው» ይላል። ሞንታርቦው፣ ትልቁ የድምፅ ማጉያ፣ ግን ጭጭ። ስህተት አለ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸታም!

የገባሁበት በገዛ ምላሴ ነው። ጋሽ በዛብህ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞሩ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ይጠራሉ፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። የአባቴንም የጠሩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ወደቁ። ሐኪሙ ልብዎ አይችልም፣ ጩኸት ይቁም አላቸው። የእድሩ ዳኛ አቶ ሙሉጌታ ደግሞ በስብሰባ ላይ «እንግዲህ በስልክ መልእክት እንላክ፤ ዘመኑም ነው» አሉ። ጋሽ በዛብህ አንገታቸውን ደፉ። አላስቻለኝም። «ቁጭ ብለው በቀስታ ይናገሩ፣ እኔ በኮምፒውተር እቀዳዋለሁ፣ ጩኸቱን ለሞንታርቦው እንተውለት» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

እሁድ ሌላ ስብሰባ አለ። እስከዚያ ካልሠራ የስልኩ ነገር ይጸድቃል። ጋሽ በዛብህ ደግሞ በእልህ ጡሩምባቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጡታል። አውቃቸዋለሁ። ይገድላቸዋል።

ማክሰኞ

ጥፋቱ ዕቃን ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው የድራይቨር ፕሮግራም ነበር። ከምሠራበት የጥገና ቤት ፍላሽ የምታክል፣ ድምፁን ወደ ሞንታርቦው የምታወጣ ሳውንድ ካርድ ተውሼ ነበር፤ ኮምፒውተሩ መሰካቷን ያያል፣ ምን እንደሆነች ግን አያውቅም። ድራይቨሩን በስልኬ አውርጄ ጫንኩለት። አንዴ አስነሳሁት። አጫወትኩ። ጧ! ከጣሪያው ላይ እርግቦች ተነሡ። ጎረቤት ያሉት ልብስ ሰፊ «ምንድነው እሱ!» ብለው በመስኮት ጮኹብኝ። በደስታ ልሞት።

ከዚያ ደግሞ መቅዳቱ እንቢ አለ። ማይኩ ውስጥ ዘፈንኩ፣ ተሳደብኩ፣ አስነጠስኩ፤ ፋይሉ ባዶ። ገመድ ቀየርኩ። ማይክ ቀየርኩ። ለካ የማይኩ መግቢያ ከመጀመሪያውኑ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ አንድ ፊደል ተጭኖ መክፈት ብቻ ነበር። ለዚህ ስንት ሰዓት! ለማንም አልናገርም።

ረቡዕ

ጋሽ በዛብህ ኮት ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። ወንበር ሳብኩላቸው።

«ተቀምጬ ጠርቼ አላውቅም» አሉና ቆሙ። ማይኩን በመጽሐፍ ከፍ አደረግኩላቸው።

ለሙከራ ስም ያስፈልገናል። አቶ እገሌ ይበሉ አልኳቸው፤ እገሌ የሚባል ሰው ስለሌለ ድምፄ አይወጣም አሉኝ። «እሺ ከበደ ይበሉ» አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ስንት ከበደ አለ እዚህ ሰፈር! ምነው ልጄ፣ በቁሙ ባለ ሰው ላይ ላሟርት?» ክርክሩ አላለቀም። በኋላ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳይጮኹ፣ እኔን እንደሚያወሩኝ ሆነው እንዲህ አሉ፤

«እድርተኞች፣ ስሙ! አቶ በዛብህ ወልዴ አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው አልሳቁም። «በራሴ ላይ ባሟርት የሚቀየመኝ የለም» አሉ።

መልሼ ላሰማቸው ስል የሠርክ ኪዳን ደርሷል ብለው ወጡ። ብቻዬን ሰማሁት። በጣም ጥርት ያለ ነው። አንድም ሳል የለበትም። እሳቸው ግን ደጃፉ ላይ እስኪደርሱ ሁለቴ ቆመው አረፉ።

ሐሙስ

የቀረው በሰዓቱ ራሱ እንዲጀምር ማድረግ ነው፤ እኔም እሳቸውም በብርድ እንዳንነሣ። ኮምፒውተሩ አሁን ሁለት የድምፅ መውጫ አለው። ዜሮ ቁጥር የራሱ ነው፣ ኢርፎን ሰክቼበታለሁ። አንድ ቁጥር ያቺ ትንሿ ካርድ ናት፣ እሷ ወደ ሞንታርቦው ትሄዳለች። ነገ ጎህ ሲቀድ የትናንቱን ቅጂ በዜሮ ቁጥር፣ ማለት በኢርፎን ብቻ፣ ሦስቴ እየደጋገምክ አጫውት ብዬ አዘዝኩት። ማጫወቱን ጽፎ ያቆይልኛል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ገብቼ አየዋለሁ።

ሌላ ቅጂ ልጠቀም ነበር፤ የለኝም። ማንስ ይሰማዋል?

መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሣም አድርጌያለሁ። ዛሬ ራሴን ወድጄዋለሁ።

ዓርብ

ከሥራ ቀርቼ ነው የምጽፈው።

እናቴ ናት የቀሰቀሰችኝ። «ተነሺ! ጋሽ በዛብህ አረፉ! ተጠራ እኮ!» ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ እንባዋ ይወርዳል። እኔም ሰማሁት፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ነበር። «አቶ በዛብህ ወልዴ አርፈዋል…» በራሳቸው ድምፅ! ሰፈሩ ሁሉ በራሳቸው ድምፅ መሞታቸውን ሰማ፣ አንድም ሰው ይሄ እንዴት ይሆናል አላለም። ያ ድምፅ ስም ከጠራ የተጠራው ሰው ሞቷል፤ ስንኖር የምናውቀው ይህንን ነው። እግዜር ይይልኝ፣ እኔ ራሴ የቀዳሁት ሴትዮ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ «ውይ፣ ጋሽዬ» ብያለሁ። ከዚያ ነው የገባኝ።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። እድር ቤቱን ከፍቼ ገመዱን ነቀልኩ። ዘግይቻለሁ። ወደ ቤታቸው ስደርስ ወጣቶቹ ድንኳን አምጥተው ሁለቱን ቋሚዎች ተክለዋል፣ ወንበር እየወረደ ነው፣ ሴቶቹ ደረት እየደቁ ይገባሉ። ጋሽ በዛብህ ቤት የሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ድምፁን ሲሰሙ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ነው ብለው በባዶ እግራቸው እየጮኹ ወጥተው የበሩ ደረጃ ላይ ወድቀዋል። ግንባራቸው ተሰንጥቋል። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ወሰዷቸው። ደሙን አይቼዋለሁ።

ጋሽ በዛብህ ከኪዳን ሲመለሱ ድንኳኑን ከሩቅ አዩት። ሰው ተከፈለላቸው። አንዷ ሴት ስታያቸው ጮኻ ሸሸች። እሳቸው ግን ማን ሞተ እንኳን አላሉም መጀመሪያ። «ያለኔ ማን ጠራ?» አሉ፤ በጣም ከፍቷቸው።

«እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ጋሼ፤ የረቡዕ ቅጂ ነው።» እኔ ነኝ የመለስኩት።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ምክንያቱን አገኘሁት። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቁጥሮቹን አገላብጧቸዋል። ትንሿ ካርድ ቀድማ ተነሥታ ዜሮ ሆናለች። መውጫውን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ ነበረብኝ። የማጉያውንም ሶኬት መንቀል ነበረብኝ። ይህን ማወቄ የእትዬ ዘነበችን ግንባር አይሰፋውም።

አቶ ሙሉጌታ ሦስት ሰው ፊት «ሐና፣ በሞት ተጫወትሽ» አሉኝ። እናቴ ምሳ አላቀረበችልኝም። አልራበኝምም።

ቅዳሜ

ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ተሰፍተዋል፣ የደም ግፊታቸው ወርዷል፣ ነገ ይወጣሉ። ተመስገን! እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። «ተነሺ፣ ልጄ አይደለሽም እንዴ» አሉኝ። ስነሣ፣ «ግን ያንን የቀዳሽውን ነገር አጥፊልኝ። ዛሬውኑ። እሱ ቤት ውስጥ እያለ ያ ነገር የሆነ ቦታ ተቀምጦ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ።

ሆስፒታሉ ደጅ የነበሩት ጋሽ በዛብህ ተከትለውኝ እድር ቤት መጡ። ከማጥፋቴ በፊት አንዴ ልስማው አሉ። ኢርፎኑን ጆሯቸው ውስጥ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እኔ እንዲህ ነው የምጠራው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እውነት ይመስላል» አሉ።

ከዚያ አጠፋሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ እንኳን አይጠይቅም፤ አንድ መስመር ጽፌ ሄደ። ሞንታርቦውን ፈትቼ ጥግ አስቀመጥኩት። ነገ በስብሰባው የስልኩ ነገር ይጸድቃል፣ እኔም ለተቃውሞ እጄን አላወጣም።

እሁድ

እማማ ትርንጎ ሌሊት አረፉ። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት ባልቴት። ይሄ እውነት ነው።

አቶ ሙሉጌታ ስብሰባውን አልጠበቁም፣ ለሁሉም በስልክ መልእክት ላኩ። እናቴ አነበበችና ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው። «እንደ ዓርቡ ይሆናላ» አለች። ጎረቤቶቻችንም በአጥሩ ላይ ይህንኑ ሲሉ ሰማሁ። ማንም አልተነሣም። የእማማ ትርንጎ ልጆች ከአስከሬኑ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ የዚህም ጥፋት የኔ ነው።

ከዚያ ጡሩምባ ተነፋ። አጭር፣ ትንፋሽ የጎደለው። አልቻልኩም፣ ወጣሁ። ጋሽ በዛብህ ዳገቱ ግርጌ አጥር ተደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እጄን ዘረጋሁ። ያለ ክርክር ጡሩምባውን ሰጡኝ። ያለ ክርክር መስጠታቸው ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

መንፋቱ አልሆነልኝም፣ ስለዚህ ጮኽኩ። እሳቸው በቀስታ ይነግሩኛል፣ እኔ እጮኻለሁ። የሴት ልጅ ጥሪ ሰምቶ የማያውቅ ሰፈር በሩን ከፍቶ ያየኛል፤ አይ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸውን ነው። በሕይወት መቆማቸውን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ነጠላ ለማምጣት ይገባሉ። አቶ ሙሉጌታም በራቸው ላይ ቆመው ሰሙን። ስብሰባው በቀብሩ ምክንያት ለሌላ ቀን ተላለፈ። ምን እንደሚወሰን አላውቅም።

ዳገቱ አናት ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ድምፄ ሻክሯል። ብዙ ቆይተው ትንፋሻቸው ተመለሰ።

«ስሙ ላይ ትሮጫለሽ» አሉኝ። «አትሩጪ። ሰው አንዴ ነው የሚጠራው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ሳቅ አሉ። «እኔ ነኝ ሁለቴ የምጠራው። የመጀመሪያውን ራሴ ጠርቼዋለሁ። ሁለተኛውን አንቺ ትጠሪዋለሽ፤ ቀስ ብለሽ።»

ጡሩምባውን በነጠላዬ ጠረግኩት፣ ከዚያ እጃቸውን ይዤ ቁልቁል ወረድን።