ጥቁር በጥቁር ላይ

ኅዳር 12

አባትህ የመኪናውን ቁልፍ እየፈለገ ነው።

ቀጮ ልጄ፣ እንደምን አለህልኝ? የምጽፍልህ ከስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እሱ ከኋላዬ ኪሱን ይዳብሳል። ምን እንደምጽፍ ሲጠይቀኝ «ልኬት» ብዬዋለሁ። ባለፈው ስትደውል «ሁሉም ሰላም ነው» ያልኩህ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ሰላም አይደለም።

ባለፈው ሳምንት፣ በጭጋግና በካፊያ፣ የተማሪ ሰርቪሱን እየነዳ አንዲት ልጅ ሊገጭ ነበር። «ዘላ ገባችብኝ» አለኝ። ማታ የሰርቪሱ ረዳት እኛ ቤት ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ልጅቷ አልዘለለችም። ማቋረጫው ላይ ቆማ ነበር። ‹ጋሼ፣ ልጅ! ልጅ!› ብዬ ባልጮህ ኖሮ...»

ልጅቷ የለበሰችው እኔ የሰፋሁትን ዩኒፎርም ነው። ቆሻሻ ይችላል ተብሎ የተመረጠ አመድማ ጨርቅ። ከእርጥብ አስፋልት አይለይም።

ጎትቼ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር ድረስ አንበለበላቸው። «ሰማሽ? ንስር ነው ያገባሽው» አለኝ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ሌላ ሰሌዳ ሰቀለች። የዚህኛው ፊደሎች ሁሉም ትልልቅ ናቸው፤ ግን ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቀለማቸው እየሳሳ ነጩ ውስጥ ይሰምጣል። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ብዙ መስመር ወርጄ አነበብኩ። እሱ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀረ።

«ከዚህ በታች ባዶ ነው» አለ።

«ባዶ አይደለም፣ አባት።»

«እንግዲያው ማተሚያው ቀለም አልቆበታል።»



ሐኪሟ እንዲህ አለችን፦ ዓይን አንድን ነገር ለይቶ የሚያየው ከጀርባው ካለው ነገር ጋር ባለው ልዩነት ነው። የአባትህን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ሞራው የሚገባውን ብርሃን ይበትነዋል፤ ልዩነቱም ይታጠባል። ደማቅ ጥቁር በነጭ ላይ ሲሆን ያያል። ግራጫ በግራጫ ላይ ሲሆን አያይም። ጭጋግ ሲጨመርበት፣ ወይም ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲለቅበት፣ የባሰ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፤ እስከዚያ ግን መሪ እንዳይጨብጥ አለችው።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ስሰፋ የሚያይልኝ ጣቴ ነው። መንገድ ግን በጣት አይዳበስም። ወተት በነጭ ሲኒ ሲቀዳ ለምን እንደሚያፈስ፣ የደረጃውን መጨረሻ ለምን እንደሚስት፣ ሁሉም ያኔ ተገለጠልኝ።

እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። «ሰሌዳውን አንብቤያለሁ! ዓይኔን ምላጭ አላስነካም።» ለትምህርት ቤቱ ንገር ስለው ደግሞ፣ «ከዚያ ሌላ ሾፌር ይተኩና እኔ ምን ልሁን? እዚህ ተቀምጬ ክርሽን ልጠቅልልልሽ?» አለኝ። ያን ቀን ራት አልበላም።

ዛሬም ጭጋግ ነው። የጎረቤት አጥር አይታይም።

ቁልፉ ከፊቴ ነው። ጥቁር የቆዳ መያዣው ውስጥ እንዳለ፣ እየሰፋሁት ባለው ጥቁር ካፖርት ላይ ተቀምጧል። ማታ ሲገባ የጣለው ራሱ ነው። አልደበቅኩትም። አልነካሁትም። እንዲያየው እየጠበቅኩ ነው።

አሁን መጣ። ካፖርቱ ላይ አጎነበሰ። ቁልፉ አፍንጫው ሥር ነው።

«እዚህም የለም» አለ። ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። አምፖሉ በርቷል።

«መኪናው ውስጥ ረስተኸው ይሆናል፤ ልይልህ» አልኩት።

«ቶሎ በይ። ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው።»

ልጄ፣ ደውልለት። እኔን እንቢ ያለኝን አንተን እንቢ አይልም። ስለ ልጅቷ አታንሳበት፤ አንድም ሌሊት ደህና አልተኛም። ሐኪሟ ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ የሚል ሰው ነው የጠፋው፤ ከእኔ ጋር መሄዱን እንደ ሽንፈት ቆጥሮታል። ስመለስ ያናግረኝ አያናግረኝ አላውቅም።

የምትወደው ሁሉ ፊትህ ደምቆ ይታይህ። ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ።

አሁን ቁልፉን ላነሳ ነው። በመኪናው አጠገብ አልፌ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እሄዳለሁ።

«አገኘሽው?» ይለኛል፣ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ።

እናትህ