ለጸሐፊው ያልነገርኩት

ቅዳሜ፣ የካቲት 16፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለባለቤቴ፤

«ባለቤቴ» ከማለቴ በፊት አራት ሌላ ቃል ጽፌ ሰርዣለሁ። አራቱም የሠርግ ካርድ ቃላት ናቸው። ሥራዬ አበላሽቶኛል፤ የሚያምር ቃል ሲመጣልኝ ደንበኛ የመጣ ይመስለኛል።

እንዴት ከርመሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? የምትሠራበት ዋሻ አቧራ ደረትህን እንደያዘህ እህትህ ነግራኛለች። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል። ሰዉ ይጋባል፣ ሰዉ ይሞታል፣ ሁለቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ።

መልሴን የጠበቅከው እስከ ትናንት ስድስት ሰዓት ነበር። «ና ካለችኝ እመጣለሁ፤ ካላለችኝ የሦስት ዓመቱን ውል እፈርማለሁ» ብለህ በእህትህ ልከህብኛል። ትናንት ምን እንዳደረግኩ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። ግን ከትናንት መጀመር አልቻልኩም።

ከመሄድህ በፊት ባለው ዓመት እግሬ ያብጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል። አንድ ጠዋት ሥራ ስገባ ከጠረጴዛዬ ሥር የብረት እግር ማሳረፊያ ተበይዶ አገኘሁ። መቼ እንደገባህ፣ ማንን እንዳስፈቀድክ፣ ልኬቴን ከየት እንዳገኘህ አልነገርከኝም። ልክ ነበር። እኔ ደግሞ የዚያኑ ቀን እራት ላይ ተጣላሁህ።

«አንድ ቀን እንኳ አትለኝም።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ሁለታችንም ካወቅነው ታዲያ ምኑ ይነገራል?»

ወንዝ ዳር ተቀምጦ መጠማት ነበር የመሰለኝ። ለሰው ሁሉ የምጽፈውን ለእኔ የሚለኝ አጣሁ።

ከዚያ ለብየዳ ሥራ ወደ ዋሻው ቁፋሮ ካምፕ ሄድክ። በስድስተኛው ወር ደብዳቤህ መጣ፣ በዚያ በጠማማው ጽሕፈትህ። «አንቺ በሌለሽበት ቀኑ ይነጋል እንጂ አይመሽም።» ከሰው ጽሑፍ እንከን እያወጣሁ ነው የምኖረው፤ ከዚህኛው አንድም አላገኘሁም። ሁለት ሳምንት በሽርጤ ኪስ ይዤው ዞርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንዲት ሴት ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣች። ባሏ እናንተ ጋ ቁፋሮ ላይ ይሠራል፤ እሷ ሳቂታ ናት፣ ስትስቅ ጠረጴዛው አብሯት ይንቀጠቀጣል። ባሏ ለዕረፍት ሊመጣ ነውና ካርድ ልታሳትምለት ፈልጋለች። እሱ የላከላትን ደብዳቤ ዘረጋችልኝ።

«ይህቺን ከላይ፣ በወርቅ ቀለም አድርጊልኝ» አለችኝ።

አነበብኩ። አንቺ በሌለሽበት ቀኑ ይነጋል እንጂ አይመሽም።

«ማን ጻፈው?»

«የካምፑ ጸሐፊ ነዋ! ለሁሉም እሱ ያረቅላቸዋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ።»

አልጮህኩም። ካርዷን በወርቅ ቀለም አዘጋጀሁላት። በምሳ ሰዓት ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ያደረግኩትን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔም በእጄ ልድገመው። ከዓረፍተ ነገሩ ጎን «የማን ሚስት?» ብዬ ጻፍኩ። ከስምህ ጎን «ቅጂ» ብዬ ጻፍኩ። ከግርጌው የማተሚያ ቤቱን ማኅተም መታሁበት፣ «ለሕትመት አይበቃም» የሚለውን። አሽጌ መለስኩልህ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም እወቅልኝ። ፖስታ ቤቱን ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ካርዷን ልትወስድ በሳምንቱ ተመለሰች። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ቃሉ የእሱ እንዳልሆነ እያወቅሽ እንዴት ደስ ይልሻል?»

ሳቋን አቆመች። «እህቴ፣ የእኔ ባል መንገድ ቢጠፋበት እንኳ ሰው አይጠይቅም። ይሄ ሰውዬ ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ባዕድ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ‹ሚስቴ ናፍቃኛለች› አለ። ዓረፍተ ነገሩን ተይው። እኔ የወደድኩት ወረፋውን ነው።»

አንተም መንገድ አትጠይቅም።

ከዚያ አራት ወር ዝምታ። ያንተም፣ የእኔም። ማክሰኞ ዕለት እህትህ መልእክትህን ይዛ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«ለምን ለእኔ አልጻፈልኝም?» አልኳት።

«ጽፎልሽ ነበር። አርመሽ መለስሽለት አሉ።»

ከማክሰኞ እስከ አርብ ጻፍኩ። ደብዳቤ በጊዜው እንደማይደርስ ከረቡዕ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ግን መጻፌን አላቆምኩም። ማንም ለማንም ያላለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ። የናሙና መዝገባችን ውስጥ ስድሳ ሁለት አሉ፣ አብዛኞቹ የእኔ። የጻፍኩት ሁሉ ወይ ቁጥር ዘጠኝን ይመስላል ወይ ቁጥር ሠላሳን። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። የራሴ ልብ ናሙና ይሆን ብዬ ፈራሁ።

አርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የካምፑን ቢሮ ደወልኩ። ካርድ የሚያጥፉት ሁለቱ ሴቶች አጠገቤ ነበሩ። ማጠፋቸውን አቆሙ።

«ካምፕ ነው። ማንን ነው?»

«የበያጁ ባለቤት ነኝ።»

«አራሚዋ?»

ካምፑ ሁሉ ያውቀኛል ማለት ነው። ጸሐፊው ራሱ ነበር፤ ድምፁ ልጅ እግር ነው፣ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር።

«አዎ» አልኩት።

«ዋሻ ውስጥ ነው፣ እስከ ስድስት አይወጣም። የምትይውን ንገሪኝ፣ ጽፌ በር ላይ እሰጠዋለሁ።» ወረቀት ሲገለብጥ ሰማሁ። «እሺ፣ በይ።»

ሴቶቹ ያዩኛል። እሱ ይጠብቃል። ከበስተኋላው ሰዎች ያወራሉ፤ ወረፋ የያዙ መሰሉኝ።

«እመቤቴ?»

«ደህና ነኝ በልልኝ።»

«ደህና... ነኝ። ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካልከፋሽ አንድ ሁለት ቃል ልጨምርበት? ሰውዬው እኮ ከማክሰኞ ጀምሮ እየተመላለሰ ይጠይቀኛል።»

«አትጨምርበት» አልኩት። «በሰው ቃል አልናገርም።»

ዘጋሁት። ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ነበረኝ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ጨረስኩት።

ዛሬ ጠዋት እህትህ በሩ ላይ ቆማ «ፈርሟል» አለችኝና ሄደች።

አንተ የጠበቅካት ቃል አንዲት ፊደል ነበረች። አሁንም እንኳ በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ አንዴ ብቻ ነው የጻፍኳት፤ እሱም ያንተን አፍ ጠቅሼ።

የዋሻው ጣሪያ ይቁምልህ። እሳቱ ከዓይንህ ይራቅ። ሳልህን ታከም፣ «ይተወኛል» እያልክ አትቀመጥ። ከውሉ ጋር የሚሰጡህ ቤት መስኮቱ ስንት በስንት እንደሆነ ለክተህ ላክልኝ፤ መጋረጃ እሰፋልሃለሁ። መስፋት አልችልም። እማራለሁ።

ሚስትህ