የምጽዋው ቋጠሮ

ለውድ እህቴ የወይንሐረግ፣

ባሕሩን ሁሉ በሰላም ያሻገረኝ አምላክ አንቺንም ከነልጆችሽ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የምኖርበት ሰፈር ዜባህም እንደ ወትሮው ይበርዳል።

ባለፈው እሑድ ጄኔቫ ሄጄ ነበር። ምጽዋ ባሕር ኃይል ስንገባ አብሮኝ የሠለጠነው እንድሪያስ ትንሽ ጀልባ ገዝቷል። ሐይቁን ዞረን ስንመለስ፣ «በል መርከበኛው፣ እሰራት!» ብሎ ገመዱን ወረወረልኝ። ያኔ አሠልጣኛችን ዓይናችንን በጨርቅ ሸፍኖ ቋጠሮ ሲያሠራን ቀድሜ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። የዛሬ ገመድ ግን ናይለን ነው፤ ያሙለጨልጫል፣ በእጅ አይያዝም። እንድሪያስ ከእጄ ተቀብሎ አሰረው። ከዚያ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሲያሞግሰኝ መጣ። እሱ መቼ ሰው አሞግሶ ያውቃል? አናደደኝ!

ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ አቤል ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዝቶ ጠበቀኝ። ማን ጠየቀው? እኔ ሕፃን ነኝ?

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሳልረሳው፣ ያኔ ከምጽዋ ለዕረፍት መጥቼ የልብስ ማስጫውን ገመድ ስንወጥር ቋጠሮውን አስተምሬሽ ነበር። ስትደውዪ ጫፉ መጀመሪያ በየት በኩል እንደሚገባ ንገሪኝ። ለእኔ አይደለም፤ አቤል አስተምረኝ ብሎ አስቸግሮኝ ነው።

ወንድምሽ አስፋ፣
ከዙሪክ