አራት ጣት

ማክሰኞ
አራት ጣት ብቻ! ፒካፔ ግቢ ውስጥ የቀረችው በአራት ጣት ነው። ዛሬ ከበሩ በላይ የተሞላው የኮንክሪት ሶሌታ የቆመበት እንጨት ተነሣ፤ ደስ ብሎኝ ሞተር አስነሣሁ፤ ከኋላዋ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን በአራት ጣት በልጦ ሶሌታውን ነክቶ ቆመ። አከራያችን ኦቦ ገመቹ ከበሩ በላይ ክፍል እየሠሩ ነው። ሙሌት የተሞላ ዕለት ባልዲ ሲያቀብል የዋለው ማን ነው? እኔው። ለሙሌቱ የታረደውን ቁርጥም በልቻለሁ።

ረቡዕ
የሰው ምክር ብዛቱ!
ጎማ አስተንፍስ። (ሞከርኩ፤ አንዲት ጣት አተረፍኩ።)
ሳጥኑን ቁረጠው።
መኪናዋን ሽጣት።
የማመላልሰው የሰው ቤት ዕቃ ነው፤ ቁም ሳጥን ሳይጋደም የሚቆመው በዚያ ሳጥን ቁመት ነው። አልቆርጥም።
ኦቦ ገመቹን፣ ሶሌታው ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ አልኳቸው። “ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ያኔ ምነው ዝም አልክ?” አሉኝ እንደ አባት። እውነታቸውን ነው። አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር።

ሐሙስ
መካኒኩ ደረጀ ከቡራዩ መጣ። ከሥሯ ገብቶ አየና፣ ጭነት ከሚሸከመው ባሌስትራ ሁለት ሁለት ቅጠል ብረት ላውጣ፣ ትወርዳለች አለ። ጭነቱስ? “ፍራሽና ትራስ አታጣም” ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።
አንዴ አውጥቼ ውጭ እንዳላሳድራት፣ የጎረቤታችን መኪና ውጭ አድራ ጠዋት ያለ ጎማ ድንጋይ ላይ ቆማ ተገኝታለች።
ከሱሉልታ ደንበኛ ደወለ፣ ሰኞ ቤት ሊቀይር። እመጣለሁ አልኩት። በምን እንደምመጣ እግዜር ይወቅ። የሰው ጓዝ ሳወጣ ኖሬ እኔው መውጫ አጣሁ። ግንቡ እየጠበበብኝ ነው፤ ምግብም አልበላ አለኝ።

ዓርብ
እጅ ሰጠሁ። ደረጀ ብሎኑን ሊፈታ ቁልፍ ሲያነሣ ባለቤቴ ሰናይት ልብስ እያሰጣች፣ “ጭነት ስትይዝ ዝቅ ትል የለም እንዴ?” አለች።
ደረጀ ቁልፉን መልሶ አስቀመጠ። ስንት ዓመት መሪ ይዤ!
ግን ግቢው ውስጥ ምን ይጫናል? የኛው ዕቃ። ባዶዋን ስመለስስ እንዴት ትገባለች አልኳት።
“አንመለስማ” አለች። ፉሪ ያየችው ቤት እንዳለ የነገረችኝ ያኔ ነው። ለካ እሷንም ግቢው ከጠበባት ቆይቷል። አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ
አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ሁለት ጆንያ ጤፍ፣ የሰናይት የድንጋይ ወፍጮ። ባሌስትራዋ ሙሉ፣ ጎማዋ የተነፈሰ። ግማሽ ጣት ቀረ! ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።
ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው መጡ። “እኔስ አልከብድም?” ብለው ከኋላ ወጡና ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ይጠንቀቁ፣ በደንብ ይያዙ እያልኩ ነዳኋት። ሳጥኑ ሶሌታውን ፋቀው፤ ቆርቆሮው ጮኸ። ከዚያ ፀሐይ።
መንገድ ላይ ወረዱ። ሲወርዱ መኪናዋ ከፍ አለች። ከእንግዲህ በዚያ በር እንደማትገባ እሳቸውም አዩ፣ እኔም አየሁ። “በሉ ደህና ግቡ” አሉን፤ ዓይናቸው ሶሌታው ላይ ነበር።
አሁን ፉሪ ነን። ለግቢው በር ገና አልተገጠመለትም። ጎማዋን እንዳይፈቱብኝ ዛሬ መኪናዋ ውስጥ ነው የማድረው።