ፒሲራይ ያልተመለሰበት ቅዳሜ

ውድ ጓቲዞ፣

«ውድ» ስልህ እንዳትደነግጥ። ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆንለትም ማለቱን ልጅህ ራቪሮ ጽፋልኛለች። መጠሪያ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በአጥሩ ላይ ያወጣሁልህን ስሞች አንዱን እንኳ ብጽፍ ልጅቷ አፍራ ላንተ ማንበቡን ትተወዋለች ብዬ ነው።

ቀኝ ጎንህ እንደማይታዘዝልህ፣ ሰው እንደማትለይ፣ ከአፍህ የሚወጣው «አጥሩ» የሚል ቃል ብቻ እንደሆነ ሰምቻለሁ። «የትኛውን አጥር ማለቱ እንደሆነ እርስዎ ያውቁ ይሆን?» ትለኛለች ደግሞ። አወይ ልጄ! እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?

አስቀድመን አንድ ነገር እንጨርስ። ከአጥሩ ግራና ቀኝ ያለው ጨፌ የእኔ ነው። ታመምክ ብዬ አልሰጥህም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ ሲከራከርህ የኖረው ለምን ሆነና! እሱም ሞተ፣ ያንተም ሚስት ሞተች፣ ክርክሩ ለሁለታችን ቀረ። አንተ ቋሚው ዘመመ ብለህ ትመጣለህ፤ እኔ ሽቦው ላላ ብዬ እመጣለሁ። ቋሚው ምንም እንዳልሆነ አይቻለሁ። ሽቦውን የማላላውም እኔው ነበርኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍየሎችሽ ሣሬን ጨረሱት!»

«ያንተ ሣር? ስምህ ተጽፎበታል?»

«መሬቱን የለካው ሰውዬ ይመስክራ!»

«እሱ ሰካራም! ሲለካ የከረመው ያንተን ጠላ እየጠጣ አይደል?»

ጉሮሮዬ ደርቆ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ያን ቀን ታዲያ ምሳ ይጣፍጠኛል።

ከዚያ ያ ኮርማህ አጥሩን ጥሶ ኦቾሎኒዬ ውስጥ ያደረበት ቀን መጣ። ዘነዘናዬን ይዤ ግቢው መሀል ቆሜ ስንጨረጨር ፒሲራይ ከአንተ በኩል ሲመጣ አየሁት፤ ያው ፒሲራይ፣ ላገሩ ወንድ ሁሉ ሚስት ሲጠይቅ ኖሮ ራሱ ሳያገባ ያረጀው። ለራሱ ሠርግ የሚሄድ ይመስል ኮፍያውን አሳምሮ ደፍቷል። እኔ ደግሞ ኮርማውን ሊወስድ የመጣ መሰለኝና በዘነዘናው ተቀበልኩት።

ራቪሮ ከተማ ስላደገች ላስረዳት። ልጄ፣ በእኛ ዘንድ አማላጅ መጀመሪያ ሲመጣ የሴቲቱ ዘመዶች እየጮኹ በዱላ ያባርሩታል። እሱም ይሮጣል፤ ትንሽ ቆይቶም ይመለሳል። ያኔ ገብቶ ተቀምጦ የመጣበትን ይናገራል። ሳይባረር ከገባማ ሴቲቱ ተንቃለች ማለት ነው።

ፒሲራይ ሮጠ። ከኩይሳው ጀርባ ቆይቶ ፈገግ እያለ ተመለሰ። ደግሜ አባረርኩት፤ ደግሞ መጣ! «ጎበዝ ነሽ እመቤቴ፣ እንዲህ ነው ማባረር!» ይለኛል ጭራሽ። ውሾቹን ብለቅበት ጊዜ ከብቶች መድኃኒት ከሚነከሩበት ገንዳ ውስጥ ኮፍያው እስኪንሳፈፍ ገባ። እንደዚያ እየሸተተ አንተ ዘንድ መጥቶ «ዕድሜ ልኬን ሳማልድ እንዲህ ተባርሬ አላውቅም፤ ሴትዮዋ በጣም ትወድሃለች!» እንዳለህ የሰማሁት ኋላ ነው።

በማግስቱ ክራባት አስረህ አጥሩ ጋ ቆመሃል። ለሰውየው ክራባት ምን አስፈለገው አልኩ በሆዴ።

«ደህና አደርሽ፣ የቼናይ እናት» አልክ፣ በልጄ ስም አክብረህ።

«ኮርማህን ና ውሰድልኝ! ሰው ልከህ ከምታስለምን ራስህ አትመጣም?»

«የምን ኮርማ?»

«ፒሲራይን የላክኸው ለኮርማው አይደል?»

ክራባትህን ላላ አደረግህ። «አንቺን ሊጠይቅልኝ ነበር እኮ» አልክ፣ እኔን ሳይሆን ቋሚውን እያየህ።

ጓቲዞ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ጋለ። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «እንግዲያው ቅዳሜ በወጉ ይምጣ» አልኩህ። እዚያ ላይ ሁለታችንም አፋችንን ብንዘጋ ምን ነበረበት!

«ስንጋባ ይህን አጥር እንነቅለዋለን» አልክ።

«ይነቀል። ሽቦው ግን የእኔ ነው።»

«ቋሚዎቹስ የማን ሆኑና? ሽቦሽን በአየር ላይ ነበር የምትወጥሪው?»

ከሽቦ ወደ ጨፌው፣ ከጨፌው ወደ እናትህ ሄድን። (ራቪሮ፣ ስለ አያትሽ ያልኩት ይቅር።) ክራባትህን እየፈታህ፣ ለብቻህ እየለፈለፍክ ሄድክ። እኔ ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት፤ ስንጣላ የመጀመሪያችን ነው እንዴ?

ቅዳሜ አክስቴ ማቪስ ከነልጆቿ መጣች። ከኮርማህ በተረፈው ኦቾሎኒ ዶሮ ሠራሁ። «በምን እናባርረው?» ስትለኝ «በበቆሎ ቆረቆንዳ፤ ኮፍያውን እንኳ እንዳትነኩት» አልኳት። ፒሲራይ ብቅ ሲል ሁሉም እየሳቁ ወረወሩበት። እኔ በወጉ ጓዳ ተደብቄ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። እሱም ሮጦ ከኩይሳው ጀርባ ገባ።

ጠበቅን። «ሰውዬው ሽንቱን ሊሸና ነው እንዴ የሄደው?» አለች አክስቴ። ተሳሳቅን። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አክስቴ ቆረቆንዳውን አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ማገዶው መለሰችው። ዶሮውን ለልጆቹ አበላሁ።

በማግስቱ አጥሩ ላይ አንድ ሽቦ ጨምረሃል። እኔም ጨመርኩ። አንተም ጨመርክ። ከዚያ ወዲህ ስድብ እንኳ አልተሰዳደብንም። አንድ ቀን ከዚያው አጥር ሥር ወድቀህ አገኙህና ልጅህ ወደ ሙታሬ ከተማ ወሰደችህ።

ያኔ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ወፍጮ ቤት ፒሲራይን አገኘሁትና «ያን ቅዳሜ ለምን አልተመለስክም?» ብዬ አፋጠጥኩት።

«ጓቲዞ ነዋ!» አለ። «‹ካባረረችህ እንዳትመለስ፤ ይቺ ሴት ስታባርር ከልቧ ነው› አለኛ! እኔማ ከኩይሳው ጀርባ ሆኜ ሳያችሁ ነበር። የዶሮው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።»

አንተ ደረቅ ሰው! ከልቤ ያባረርኩት ጊዜ ወደድሽኝ ብለህ ክራባት አሰርክ። በፍቅር ሳባርረው ጠላሽኝ ብለህ ሽቦ ወጠርክ። ዱቄቱን እዚያው ወፍጮ ቤት ረስቼ እያለቀስኩ ገባሁ።

መሬትህን የተከራየው ሰው ጨዋ ነው። ፍየሎቼ ሲገቡ ራሱ መልሶ ያመጣቸዋል። ስለ ጨፌው ባነሣበት ደግሞ «ይውሰዱት እናቴ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለኝ። ይኸው፣ ጨፌውን በሙሉ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠውም።

ራሴን አላታልልም። ይህን ሰምተህ ምን እንደተባለ እንደማታውቅ ራቪሮ ነግራኛለች፤ የሚቀጥለውን ዝናብ እንደማታየውም ጽፋለች። ቢሆንም ሰኞ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ፒሲራይ ጉልበቱ ስለከዳው ለራሴ የማማልደው እኔው ነኝ፤ ሰው እንደፈለገ ይሳቅ። የያዝኩት ነገር ቢኖር ካንተ ቋሚ የነቀልኩት የገዛ ሽቦዬን ቁራጭ ነው።

በሩን ሳንኳኳ ግራ እጁ በሚደርስበት ቦታ ኩባያ አስቀምጪለት፣ ራቪሮ። ጓቲዞ፣ ከቻልክ ወርውርብኝ። ባትችልም ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ እቆማለሁ።

ከዚያ እመለሳለሁ።

ከአጥሩ ወዲህ ያለችው፣
ሙቻኔታ